በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ያለው የውኃ ሀብት አጠቃቀምና አያያዝ

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ዓባይ፣ በስተሰሜን ከሳይንት ወዲያ በሽሎ ይወርዳሉ። በካርታ ላይ ሲታይ አገሩ በውኃ የተከበበ ይመስላል፤ ሆኖም የደጋው ገበሬ በበጋ የሚጠጣው ከአነስተኛ ምንጮችና ከጅረቶች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ተቃርኖ ምክንያት ማስረዳትና መፍትሔውን ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። ዓባይ የሚፈሰው ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ሳይቆጠር፣ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ሄክታር መሬት 100 ሚሊ ሜትር ውኃ እንዲያገኝ 1,000 ሜትር ኩብ ስለሚፈልግ ኃይሉ ወደ 2,700 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ የደጋው ተስፋ ከሸለቆው ሳይሆን ከሰማይ በሚወርደው ዝናብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅት ነው። አብዛኛው ዝናብ በክረምት ይወርዳል፤ የበልግ ዝናብ ግን አስተማማኝ አይደለም። በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅና ረኃብ የዝናብ መጓደል ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ዝናቡ በወረደ ጊዜም ቢሆን የተራቆተ ተዳፋት ውኃውን አያሰርግም፤ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ወደ ገደል ይወርዳል። በደሴ አቅራቢያ በማይባር፣ 113 ሄክታር በሚያህል ተፋሰስ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ዝናብን፣ የውኃ ፍሰትንና የአፈር መከላትን አንድ ላይ መለካት እንደሚቻል ያሳየ ነው። ማሳው ታርሶ ሰብሉ ሳይሸፍነው የሚመጣ ዝናብ ጉዳቱ የከፋ ነው።

እንግዲህ ምንጭ ማለት ከላይ የሰረገ ዝናብ ነው። እርከን፣ ክትር፣ የተከለለ ተዳፋትና እንደ ደንቆሮ ያለ ደን የምንጭ ጠባቂዎች ናቸው። በምንጭ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ግን አይመከርም።

ክፍፍሉም ከጥበቃው አይለይም። በመስኖ አካባቢዎች «የውኃ አባት» ተራ ያስጠብቃል፤ ቦይ ያስጠርጋል፤ የላይኛው ገበሬ የታችኛውን እንዳይበድል ይዳኛል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በመሆኑም የመስኖ ዕቅድ ሲወጣ አስቀድሞ የመጠጥ ውኃውና የከብት ማጠጫው ሊለይ ይገባል።

ጉዳዩ ትምህርት ቤትንም ይነካል፤ ምንጭ በደረቀ ቁጥር እንስራ ተሸክማ የምትርቀው ተማሪዋ ናትና። 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን 160 ሊትር ይቀራል። 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 80,000 ሊትር ይሆናል። ይህም፣ በቂ ማጠራቀሚያ ካለ፣ ለ400 ተማሪዎች በቀን 2 ሊትር እየታደለ ለ100 ቀን ይበቃል።

መምህሩ ይህን ስሌት ከተማሪዎቹ ጋር ቢሠራ፣ የአካባቢውንም ምንጭ ፍሰት በየወሩ በባልዲና በሰዓት ለክቶ ቢመዘግብ፣ የሒሳብ ትምህርቱ ሕይወት ያገኛል፤ የፕላን ባለሙያውም ከግምት ይልቅ በመረጃ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ያወጣል።