በሜዲትራኒያን ላይ የሚወለደው አውሎ ነፋስ

በሐሩር ክልል ባሉ ውቅያኖሶች ላይ የሚነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ የባሕር ውኃ የሚፈልግ ሲሆን፣ በሜዲትራኒያን ላይ ግን ውኃው ከዚህ ቀዝቅዞም ሳለ፣ መሐሉ እንደ ዓይን የተከፈተ ተመሳሳይ አውሎ ነፋስ አልፎ አልፎ ይታያል። ምክንያቱ ያለው ከባሕሩ ይልቅ በሰማዩ ላይ ነው፤ ከሰሜን ተነጥሎ የመጣ ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ሲሰፍር፣ ከባሕሩ ሙቀትና እርጥበት የቀሰመው የታችኛው አየር በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ የሚለቀው ስውር ሙቀትም የአውሎ ነፋሱን እምብርት ያሞቀዋል። የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከከፍታ ጋር እጅግ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን እምብርቱ ይበተናል። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ግሪክን በጎርፍ አጥለቅልቆ ወደ ሊቢያ የተሻገረው “ዳንኤል” የተባለው እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ በደርና ከተማ አጠገብ ሁለት ግድቦች እንዲፈርሱና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲያልቁ ምክንያት ሆኗል፤ የግድቦቹ ጥገና መጓደል ግን በነፋሱ ሊሳበብ አይገባም።