የአምቡላንስ ባለሙያው መጽሐፍ ሲቀየር

አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ወይም በአጭሩ ኢኤምቲ ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሚስተር ይበቃል። ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ አምቡላንስ ላይ ወጥቶ ደም ማቆም፣ ትንፋሽ ማገዝ፣ ልቡ የቆመበትን ሰው ደረት መጫን፣ ምጥ የያዛትን እናት ማዋለድ፣ የተሰበረ እግር አስሮ ታካሚውን ሆስፒታል ማድረስ ይጠበቅበታል። በእነዚያ ጥቂት ወራት ከእጁ የማይጠፋው አንድ መጽሐፍ ነው። ከሺህ ገጽ በላይ አለው፤ ምዕራፎቹ ወደ 40 ይጠጋሉ፤ በየጥቂት ዓመቱም በአዲስ እትም ይወጣል።

መጽሐፉን የሚመርጠው ኮርሱን የሚሰጠው ተቋም ነው። አንዴ ከተመረጠ መምህራኑ ለዓመታት አብረውት ይኖራሉ። ስላይዱ፣ ሳምንታዊ ፈተናው፣ የቤት ሥራው፣ መምህሩ በየተራው የሚያነሳው ምሳሌ ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ቅደም ተከተል የተሰናዳ ነው። ስለዚህ ተቋሙ ሌላ መጽሐፍ ሲመርጥ ከርቀት ለሚያይ ሰው ቀላል የሚመስለው ውሳኔ የኮርሱን መሠረት ይነካል። ይህ ጽሑፍ መጽሐፉ ከየት እንደመጣ፣ ሲቀየር ምን አብሮ እንደሚቀየርና ድካሙ ለምን እንደሚጠቅም ያስተዋውቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀብር መኪና ወደ ትምህርት ክፍል

በ1966 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ አደጋ ሞትና የአካል ጉዳት አንድ ሪፖርት አወጣ። በ1965 ብቻ 52 ሚሊዮን የአደጋ ጉዳቶች መድረሳቸውን፣ ከእነዚህም 107,000 ሰዎች መሞታቸውን ዘረዘረ። አንባቢን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ስለ አምቡላንስ የጻፈው ነበር። ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት 12,000 ገደማ የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሰው አጋድሞ የሚጭን መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸው። መኪናው ውስጥ ከታካሚው ጋር የሚቀመጠው ሰው የሕክምና ሥልጠና እንዲኖረው የሚያስገድደው ነገር እምብዛም አልነበረም።

በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ሕግ ወጣ። አብዛኛው አደጋ መንገድ ላይ የሚደርስ በመሆኑ የአምቡላንስ ሠራተኞችን ሥልጠና የመቅረጽ ሥራ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እጅ ገባ፤ እስከ ዛሬም አገር አቀፍ የትምህርት መመዘኛውን የሚያወጣው በዚያ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ አካል ነው። በ1970 ብሔራዊ የኢኤምቲዎች መዝገብ የተባለው ፈታኝ ድርጅት ተቋቋመ። በ1971 ደግሞ የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ለእነዚህ ሠራተኞች የሚሆን መማሪያ አሳተመ። የአጥንት ሐኪሞቹ በየሌሊቱ የሚቀበሉት በአያያዝ ጉድለት የባሰበት ስብራት ስለነበር ታካሚው ጋ ቀድሞ የሚደርሰውን ሰው ማስተማር የራሳቸውን ሥራ ማቅለል ነበር። መጽሐፉ ከሽፋኑ ቀለም የተነሳ ብርቱካናማው መጽሐፍ ተባለ፤ ዛሬም ብዙዎች የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው። ዋና ተፎካካሪው ሊመርና ኦኪፍ የሚያዘጋጁት፣ በብሬዲ ስም የሚታወቀው «ኢመርጀንሲ ኬር» ነው። ሦስተኛው የሚስቶቪችና የካረን መጽሐፍ ነው።

ከኢኤምቲ ከፍ ያለው የፓራሜዲክ ደረጃ መጽሐፍም የራሱ ታሪክ አለው። በፒትስበርግ ከተማ ፍሪደም ሃውስ የተባለ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች የቆመ የአምቡላንስ አገልግሎት ነበር። ሠራተኞቹን ያሠለጥኑ የነበሩት ዶክተር ናንሲ ካሮላይን እዚያ ያዩትን ይዘው በ1979 የፓራሜዲኮችን መጽሐፍ አሳተሙ። ከፍሪደም ሃውስ በኋላም በእስራኤል ከማጌን ዳዊድ አዶም ጋር፣ በናይሮቢ ደግሞ ከበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ጋር ሠርተዋል።

ኮርሱን የሚመራው ማን ነው?

መንግሥት በ1994 ባወጣው ሥርዓተ ትምህርት ኢኤምቲን ለማሠልጠን 110 ሰዓት መድቦ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚይዝ በዝርዝር ያስቀምጥ ነበር። በ2009 ይህ አሠራር ተተወ። በምትኩ የወጣው መመዘኛ ተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበትና በምን ያህል ጥልቀት ማወቅ እንዳለበት በአጭር ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ እንዴትና በየትኛው ቅደም ተከተል ይማረው የሚለውን ለተቋሙ ይተዋል። በ2021 ታድሷል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

መንግሥት የተወውን ዝርዝር የሞሉት አሳታሚዎች ናቸው። ዛሬ መጽሐፉ ብቻውን አይመጣም። ስላይድ፣ የመምህር መምሪያ፣ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ የያዘ የጥያቄ ባንክ፣ ተማሪው በኮድ የሚገባበት የኢንተርኔት መለማመጃ አብረውት ይመጣሉ። ጊዜ ላጠረው መምህር ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት መጽሐፉና ኮርሱ አንድ ነገር ሆነው ይታዩታል። ተማሪውም እንዲሁ ያስባል። «ብሔራዊው ፈተና የሚወጣው ከዚያኛው መጽሐፍ ነው» የሚለው ወሬ በየክፍሉ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ፈተናው ግን የአንድም መጽሐፍ አይደለም። የኢኤምቲው የጽሑፍ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥና ከተፈታኙ አቅም ጋር እየተስተካከለ የሚሄድ ነው። ጥሩ ለመለሰ ከባድ ጥያቄ ይመጣለታል፤ ከ70 እስከ 120 ጥያቄ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ። ጥያቄዎቹ የሚነሱት ባለሙያዎች ሥራ ላይ ከሚያደርጉት ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚጠቀምበት አባባል ወይም አህጽሮት ላይ የተንጠለጠለ ጥያቄ በዚህ መንገድ አይወጣም። ሁለት ተቋማት በሁለት የተለያዩ መጻሕፍት አስተምረው ተማሪዎቻቸው ለአንድ ፈተና የሚቀመጡትም ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

መቀየሩ የሚያመጣውን ነገር ለማየት አንድ ጥያቄ እንውሰድ። የ58 ዓመት ሰው ሥራ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ደረቱን ይጨንቀዋል፤ ያልበዋል። አተነፋፈሱ ደህና ነው። የደም ግፊቱ 138 በ84 ነው፤ ጣቱ ላይ የተሰካው መለኪያ የደሙን ኦክስጅን 97 በመቶ ያሳያል። ኢኤምቲው ስለ ኦክስጅን ምን ያድርግ?

ከ2010 በፊት በወጣ የጥያቄ ባንክ ውስጥ መልሱ አያሻማም ነበር፤ ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር ይስጠው። በዛሬ መጻሕፍት መሠረት ይህ ሰው ኦክስጅን አያስፈልገውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010ና በ2015 ባወጣቸው መመሪያዎች፣ የልብ ሕመም የተጠረጠረበት ሰው ትንፋሽ ካላጠረውና ልኬቱ ደህና ከሆነ በዘልማድ ኦክስጅን መስጠት እንደማያስፈልግ ተቀምጧል፤ በ2010ሩ መመሪያ መስጠት የሚጀመረው ልኬቱ ከ94 በመቶ ሲወርድ ነበር። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን የልብን ደም ሥር ሊያጠብ እንደሚችልም ይታወቃል። ይልቅ ኢኤምቲው አለርጂ እንደሌለበት ጠይቆ፣ አስፕሪን እንዲያኝክ ይሰጠዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነው። ድሮ ከመኪና አደጋ የወጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጠንካራ የጀርባ ሰሌዳ ላይ ተጠፍሮ ይወሰድ ነበር። ሰሌዳው ራሱ ሕመምና ቁስል እንደሚያመጣ፣ ትንፋሽም እንደሚያግድ ሲታወቅ የአሠራሩ ስም ሳይቀር ተለወጠ፤ አሁን የሚባለው የአከርካሪ እንቅስቃሴን መገደብ ነው። እግር ወይም ክንድ ላይ የሚጠበቀው ደም ማሰሪያ ቱርኒኬት ሌላው ሁሉ ካልሠራ ብቻ የሚደረግ ነበር፤ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነቶች በኋላ ለብርቱ መድማት ቶሎ የሚወሰድ እርምጃ ሆኗል። ልቡ ለቆመ ሰው ከ2010 ወዲህ ከትንፋሽ በፊት ደረት መጫን ይቀድማል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው።

እነዚህ ለውጦች የነባሩ መጽሐፍ አዲስ እትም ውስጥም ይገባሉ። ችግሩ መምህሩ አዲሱን እትም የሚያነበው እንደሚያውቀው ነገር አድርጎ መሆኑ ነው። ምዕራፉ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ አርእስቱ ያው ሲሆን ዓይን የተለወጠችዋን ዐረፍተ ነገር ዘሏት ይሄዳል። ክፍል ውስጥ የሚነገረው አፉ የለመደው፣ የዛሬ አምስት ዓመቱ ትምህርት ይሆናል። ሌላ ደራሲ የጻፈው፣ በሌላ ቅደም ተከተል የተሰደረ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ማምለጫ የለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ግድ ነው። መምህሩ «ይህ እንዲህ አልነበረም» እያለ ሲሟገት የትኛው ትምህርቱ ከመረጃ፣ የትኛው ከልማድ እንደመጣ የሚለየው ያኔ ነው። መጽሐፍ የመቀየር ትልቁ ጥቅምም ድካሙ ውስጥ ያለው ይህ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ልምድ ያላቸው አስተባባሪዎች ሁለቱን መጻሕፍት በማነጻጸር አይጀምሩም። መሐል ላይ ብሔራዊውን መመዘኛ አስቀምጠው በግራ የቀድሞውን፣ በቀኝ የአዲሱን መጽሐፍ ምዕራፎች ይጽፋሉ። ያኔ ክፍተቱ ይታያል። አንዱ በራሱ ምዕራፍ ያስተማረውን ሌላው በአራት ምዕራፎች በትኖት ይገኛል። የመድኃኒት ትምህርት አንዱ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት የትንፋሽ መስመር አከፋፈት በእጅ የሚለማመድ ክፍል ንባቡን ከዚያ በፊት ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ የሴሚስተሩ መርሐ ግብር እንደገና ይጻፋል።

ከሁሉ የሚያደክመው የጥያቄ ባንኩ ነው። አሮጌ ጥያቄዎችን ገልብጦ ማስገባት ያጓጓል፤ ግን ከላይ ያየነው የኦክስጅን ጥያቄ ሾልኮ የሚገባው በዚህ በር ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ በአዲሱ መጽሐፍ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ካልተገኘለት መውጣት አለበት። የተግባር ፈተና ቅጾች ግን የመጽሐፉ ሳይሆኑ የፈታኙ አካል ስለሆኑ አይነኩም። ይህም ብዙ ነገር ያቀላል፤ እጅ የሚማረው አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል።

መጽሐፉ የማይቆጣጠረው ሌላ ሰነድ ደግሞ የአካባቢው ፕሮቶኮል ነው። መጽሐፉ ለአገር ሁሉ የተጻፈ ነው፤ ኢኤምቲው የሚሠራው ግን በአንድ ግዛት፣ በአንድ የሕክምና ዳይሬክተር ፈቃድ ሥር ነው። አንዱ ግዛት ኢኤምቲው ጣት ወግቶ የደም ስኳር እንዲለካ ሲፈቅድ ሌላው ላይፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ መምህር በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ «ለፈተና እንዲህ፣ እዚህ አካባቢ አምቡላንስ ላይ ደግሞ እንዲህ» ብሎ ለይቶ ይነግራል።

የተማሪው ኪስም አለ። ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ የገዛ ተማሪ የኢንተርኔቱ ኮድ አንዴ የሚሠራ ስለሆነ ኮዱን ለብቻው ሊገዛ ይገደዳል። ባለፈው ሴሚስተር ወድቆ የሚደግም ተማሪ አሮጌውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ለሁለቱም መላ ሳይበጅ መቀየሪያው ቀን መቆረጥ የለበትም፤ በሴሚስተር አጋማሽ መቀየር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የሚኖር፣ ኢኤምቲ ሆኖ ወደ ነርስነት ወይም ወደ እሳት አደጋ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ሐበሻ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ለእሱ የመጽሐፍ ምርጫ የአንባቢነት ጉዳይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው ወይ? አዲስ ቃል በወጣበት ገጽ ዳር ትርጉሙ ተጽፏል? ድምፁን የሚያዳምጥበት መንገድ አለ? የአካል ክፍሎች ሥዕል ከጽሑፉ ጎን ነው ወይስ ሦስት ገጽ አልፎ? መጽሐፍ የሚመርጥ ኮሚቴ አንድ ሁለት እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን አስቀምጦ ሁለቱን መጻሕፍት ቢያስነብብ ከአሳታሚው ወኪል የበለጠ ይማራል።

በኢትዮጵያም ጥያቄው እየመጣ ነው። የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ካቋቋሙ ወዲህ የባለሙያ ሥልጠና እየሰፋ ሄዷል። የአሜሪካው መጽሐፍ ግን አንድ ስልክ ተደውሎ በደቂቃዎች ውስጥ አምቡላንስ የሚደርስበትን፣ ከሐኪም ጋር በሬዲዮ የሚነጋገሩበትን አገር ያስባል። ታካሚው በታክሲ ወይም በጎረቤት ሸክም በሚመጣበት ቦታ የሚያስተምር ሰው ያንኑ መጽሐፍ ቢጠቀም እንኳ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ራሱ መጻፍ ይኖርበታል።

መቼ ይቀየር?

ለሽፋኑ ማማር ወይም ለነጻ ስላይድ ተብሎ የሚቀየር መጽሐፍ ድካሙን አይመልስም። ነባሩ መጽሐፍ ከመመሪያዎቹ ወደኋላ ሲቀር፣ ተማሪው አንብቦት ሳይገባው ሲመለስ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን መቀየር ተገቢ ነው። ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ቢወርድ ለፍርድ መቸኮል አያስፈልግም፤ መምህሩም ለመጽሐፉ አዲስ ነውና ከአንድ ዙር በላይ አይቶ ማመዛዘን ይሻላል። የማይቀይር ተቋምም ቢሆን ከዚህ የሚወስደው አለ። በየሴሚስተሩ እያንዳንዱ መምህር የሌላ ሰው ምዕራፍ እንዲያስተምር ቢደረግ፣ የተፎካካሪው መጽሐፍ አንድ ቅጂ መምህራን ክፍል ቢቀመጥና የሁለቱ መልስ የተለያየበት ቦታ እየተመዘገበ ከቅርብ መመሪያ ጋር ቢመሳከር፣ አዲስ መጽሐፍ የሚያመጣው ጥቅም አብዛኛው ያለ አዲስ መጽሐፍ ይገኛል።