ተከላካዩን ማን ተከላከለለት?

ሀኪም አል አራይቢ ለጫጉላ ሽርሽር ከባለቤቱ ጋር ባንኮክ ሲደርስ የጠበቀው ሆቴል ሳይሆን ፖሊስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2018።

የቀድሞው የባህሬን ተከላካይ አገሩን ጥሎ የወጣው በ2014 ነው። ፖሊስ ጣቢያ ላይ ጉዳት አድርሷል ተብሎ በሌለበት 10 ዓመት ተፈረደበት። እሱ ግን በሰዓቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ ጨዋታ ላይ እንደነበር ይናገራል። ጥገኝነት የሰጠችው አውስትራሊያ ስትሆን፣ ሜልቦርን ውስጥ ለፓስኮ ቬል ይጫወት ነበር። ታይላንድ የያዘችው ባህሬን በኢንተርፖል ስላስፈለገችው ነው።

የቀድሞው የአውስትራሊያ አምበል ክሬግ ፎስተር ግን ዝም አላለም፤ ፊፋንም መንግሥታትንም እረፍት ነሳ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን ለታይላንዱ አቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። የአውስትራሊያ ከ23 ዓመት በታች ቡድንም ታይላንድ ላይ ሊያደርግ የነበረውን የወዳጅነት ጨዋታ ሰረዘ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2019 ኳስ የሚመታበት እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምስሉ ዓለምን አዳረሰ።

በሳምንቱ ባህሬን ጥያቄዋን አነሳች፤ ሀኪምም ከ76 ቀን በኋላ ተፈታ። በማርች 2019 የአውስትራሊያ ዜግነት አገኘ።

ደጋፊው ታዲያ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ ኳስ ተጫዋች ባይሆን ኖሮ ማን ይጮህለት ነበር?