ሰው ሲቀርበው የሚበራ መብራት

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ በሌሊት የሚወጣ ሰው፣ እጁን ወደ ማብሪያው ሳይዘረጋ መብራቱ ከራሱ በላይ ቦግ ሲልለት፣ ካለፈም በኋላ ጥቂት ቆይቶ ሲጠፋ ያያል። ይህን ሥራ የሚሠራው ከኮርኒሱ ላይ የተገጠመ፣ ነጭ ጉልላት ያለው ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሴንሰር ይሉታል። ገዢው ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩን ከአንዱ ሱቅ፣ አምፖሉን ከሌላው ሱቅ፣ ዋጋቸውን ብቻ እያየ ይሸምታል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ መስመር ተጣምረው የሚኖሩ ናቸውና፣ የአንዱ ጠባይ ለሌላው ካልተስማማ ለቁጠባ የታሰበው ነገር ለኪሳራ ይውላል።

ሴንሰሩ ሰውን የሚያውቀው በመልኩ ወይም በኮቴው ድምፅ አይደለም። ሕያው ሥጋ ሁሉ ኢንፍራሬድ የተባለውን፣ ዐይን የማያየውን ረቂቅ ጨረር ከሙቀቱ የተነሣ ዘወትር ያፈልቃል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው፣ ሙቀት በተለዋወጠበት ቁጥር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ ቁስ ይህን ጨረር ይቀበላል። ጉልላቱም ተራ ክዳን ሳይሆን እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ሌንስ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ኦገስተን ፍሬኔል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባሕር ዳርቻ ማማዎች ብርሃናቸው ለመርከበኞች ርቆ እንዲታይ ያዘጋጀው ሌንስ፣ ዛሬ በተገላቢጦሽ ከውጭ የሚመጣውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያገባል። የሌንሱ ክፍሎች ከፊቱ ያለውን ስፍራ በሚያዩትና በማያዩት ፈርጅ ስለሚከፍሉት፣ መሣሪያው የሚነቃው ሰው ከአንዱ ፈርጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው፤ ስለዚህም በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ፈጥኖ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ያያል። የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር አያሳልፍለትም፤ በአፋር ቆላ ወይም በዱባይ የበጋ ሐሩር ደግሞ፣ የአየሩ ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ሲተካከል፣ ሰውን ከአካባቢው የመለየት ኃይሉ ይደክማል።

ወደ አምፖሉ ስንመጣ፣ የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ለሴንሰር እጅግ ታዛዥ ነበር፤ ነገር ግን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እርሱን የተካው ጠምዛዛው ቆጣቢ አምፖል በሳሎን ቢመሰገንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ሰውየው ደረጃውን ጨርሶ በሩን ይከፍታል፤ ቶሎ ቶሎ መብራትና መጥፋትም ዕድሜውን ይበላዋል። ኤልኢዲ የተባለው አዲሱ አምፖል ግን በቅጽበት ይደምቃል፣ መብራት መጥፋቱም አይጎዳውም፤ ቀድሞ 60 ሻማ አምፖል ይሰጥ የነበረውን ብርሃን በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ነጩን የኤልኢዲ ብርሃን ያስቻለውን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስገኙት ጃፓን የተወለዱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የኖቤል ሽልማት መቀበላቸው የሚገባ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከሽቦው ነው። በሁለት ሽቦ ብቻ የሚገጠም ሴንሰር ኒውትራል የሚባለው መመለሻ ሽቦ ስለማይደርሰው፣ ለራሱ የሚያስፈልገውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል አሳልፎ ይወስዳል። ባለ ክሩ አምፖል ይህን ያህሉን ከምንም አይቆጥረውም ነበር፤ ኤልኢዲው ግን ጥቂቱ ስለሚበቃው፣ ጠፍቷል ሲባል በጨለማ ደብዘዝ ብሎ ሲያበራ ወይም እየቆየ ብልጭ ሲል ያድራል። ስለዚህ ከሴንሰሩ ጀርባ ሦስት ሽቦ፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ፌዝ፣ ኒውትራልና ወደ አምፖሉ የሚሄደው መኖሩን ሳያዩ መግዛት አይገባም። ሌላው ምሥጢር ደግሞ ይህ ነው፤ ኤልኢዲ በበራባት ቅጽበት በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይስባል፤ ብዙ አምፖሎች በአንድ ሴንሰር ላይ ሲጫኑ በሴንሰሩ ውስጥ ያለው፣ ሪሌ የተባለው ማብሪያ ማጥፊያ ምላሶቹ ቀልጠው ይጣበቃሉ፣ መብራቱም ከዚያ ወዲያ አልጠፋም ይላል። በካርቶኑ ላይ ለባለ ክር አምፖል የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ሳይሆን፣ ለኤልኢዲ ተብሎ ለብቻው የተጻፈውን አነስተኛ ቁጥር ማንበብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ቁጠባውን ደግሞ እንመርምር። ባለ 9 ዋት አምፖል በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ በዓመት 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሴንሰር አማካይነት በቀን 1 ሰዓት ብቻ ቢበራ ፍጆታው ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ራሱ ግማሽ ዋት እየወሰደ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ከሆነ በዓመት 4.4 ይጨምራል፤ ያም ሆኖ ድምሩ ከ8 አይደርስም። ለደረጃና ለግቢ በር ትርፉ እንግዲህ ግልጽ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ በሚበራ የዕቃ ቤት ግን ጠባቂው ከሚጠብቀው ይልቅ ስለሚበላ፣ በዚያ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይሻላል።

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ የሚስተካከሉት ትንንሽ መዘውሮች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ አንዱ የማየት ኃይሉን፣ አንዱ የሚበራበትን የጨለማ መጠን፣ አንዱ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የጊዜው ነው፤ ቆጣቢ ነኝ ያለ ባለቤት ወደ ጥቂት ሴኮንድ ሲያወርደው፣ ዘንቢል ይዘው በየወለሉ እያረፉ የሚወጡ እናት በደረጃው መካከል በጽልመት ይቀራሉ። ሁለት ደቂቃ ማድረግ ይገባል፤ ባለ 9 ዋት አምፖል ለአንድ ተጨማሪ ደቂቃ የሚፈጀው 0.15 ዋት ሰዓት ብቻ ነውና።