የኒውክሌር ግብዣ ከወለጋ ሲታይ

ወለጋ ውስጥ ያለው የፊንጫ የውሃ ኃይል ጣቢያ ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ የሆሮ ጉዱሩ ውሃ የሰጠው ኃይል ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ሲገባ ኖሯል። ነቀምቴ ላይ ግን መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፤ በቆሎ ያመጡ ሴቶችም ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ስለ ኒውክሌር ኃይል ሲወራ ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ነው።

የኒውክሌር ግብዣው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት «አቶም ለሰላም» የተባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ኃያላን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ የኒውክሌር ማብላያ እየሰጡ ወዳጅ ማፍራት ያዙ። ኪንሻሳ በ1959 አሜሪካ ሠራሽ የምርምር ማብላያ አገኘች፤ ግብጽ በ1961 የሶቪየቱን ሥራ አስጀመረች። ኢትዮጵያም በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ሆነች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ብድር፣ በአሜሪካው ኩባንያ በዌስቲንግሃውስ እጅ የተገነባው የባታን የኒውክሌር ጣቢያ አንድም ቀን መብራት ሳይሰጥ ቀረ፤ ሕዝቡ ግን ዕዳውን እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ ከፈለ።

ዛሬ በማብላያ ገበያው ቀዳሚዋ ሩሲያ ናት። ለግብጹ ኤል ዳባ ጣቢያ 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል አበድራለች። ከእኛ ጋር በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሶቺ ላይ የኒውክሌር ትብብር የመንግሥታት ስምምነት ተፈራረመች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ዕቅዱን ይፋ አደረጉ፤ በመስከረም አጋማሽም ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ።

ሻጩ ብድሩን፣ ነዳጁንና ሥልጠናውን አጣምሮ ያቀርባል። ካፒታል ለሚያጥረው አገር ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጣቢያው 60 ዓመት ሲሠራ ውሉም አብሮ ይኖራል። መረቡም ሌላ ጣጣ ነው፦ ባለሙያዎች አንድ ማብላያ ከመረቡ አቅም አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ኤል ዳባ ላይ የሚተከለው አንዱ ብቻ 1200 ሜጋዋት ነው። የሕዳሴው ግድብ በሙሉ 5150 ሜጋዋት ነው። ትልቅ ማብላያ ድንገት ቢቆም ደካማ መረብ አብሮት ይወድቃል፣ ጨለማውም ነቀምቴና ጊምቢ ይደርሳል።

ስለዚህ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹና የከተሞቹ መስመሮች ይቅደሙ። የብድሩ ወለድ ስንት እንደሆነ፣ ያገለገለውን ነዳጅ ማን እንደሚወስድ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚክስ ደግሞ ከግንባታው ውል ፊርማ በፊት ለምክር ቤቱ በዝርዝር ይቅረብ። የግድቡን ቦንድ ከደመወዙ የገዛ መምህር ይህን የመጠየቅ መብት አለው።