የልጃገረዶች ጉዳይ የጀመዓው ጉዳይ ነው



ከጎንደር ተነሥቶ በመኪና ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ዳባት ከመድረሱ በፊት አምባ ጊዮርጊስን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይበቅልበታል። እዚያ በምትኖር በአንዲት ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለች እንበል። አንድ ቀን ሽማግሌ ይመጣል። አባት ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁን ይወዳታል። ነገር ግን «ዛሬ እምቢ ብል ነገ ማን ይጠይቃታል? ቁሞ ቀር ብትባልስ? ትምህርት ቤት ስትመላለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባትስ?» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እናት ራሷ በዚያ ዕድሜ የተዳረች ናት። ልጅቷስ? አልፈልግም ብትል የምትለው ለማን ነው? ከጎኗ የሚቆም አንድም ሰው የለም።

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ከዚህ ዕድሜ በታች ያለችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ግማሽ ያህሉ ገና 15 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። እርግጥ ብዙዎቹ የተዳሩት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ በገጠር ጎረቤቱን፣ አበልጁን፣ የዕድር ጓደኛውን ሄዶ የሚከስ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ነገሩ የሚፈታው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ሽማግሌ በሚቀመጥበት በዚያው መንደር ነው።

ይህን በተግባር ያየነው እዚሁ ክልላችን ውስጥ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተካሂዶ ነበር። ሥራውን የጀመሩት ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅትና የክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ሴቶች ልጃገረዶቹን በቡድን ሰብስበው ይመሩ ነበር። ትምህርት ቤት ለምትሄደው ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣታል። ትምህርት ያቋረጠችው በቡድኑ ውስጥ ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናዋና ስለ መተዳደሪያ ሙያ ትማራለች። ያገቡትም ለብቻቸው የሚገናኙበት ቀን ነበራቸው። በሌላ በኩል ትልልቆቹ፣ አባቶችና የሃይማኖት ሰዎች ጭምር፣ ተቀምጠው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ይነጋገሩ ነበር። ልጇን ሳትድር ሁለቱን ዓመት የጨረሰች ቤተሰብ ደግሞ አንድ በግ ታገኛለች።

በጉን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ልጅን በበግ ነው እንዴ?» ብለው ሊስቁ ይችላሉ። እኔ ግን የበጉ ትልቁ ጥቅም ዋጋው አይመስለኝም። አባትየው ለሽማግሌው የሚሰጠው መልስ አገኘ። «ናቃችሁኝ» ሳይባል፣ ማንንም ሳያስቀይም፣ «ቃል ገብቻለሁ፤ ጊዜዬን ልጨርስ» ለማለት ቻለ። ጎረቤቱም እንደዚሁ ቃል ስለገባ አያፍርም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች ሥራው ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ የማግባት ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት ግን አይደለም። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻው እንዲያውም ከሌላው ስፍራ በዝቶ ተገኝቷል። ነገሩ የዘገየ ሰርግ እንጂ የቀረ ሰርግ አልነበረም ማለት ነው። በኋላ ዘዴዎቹ በተለያዩ አካባቢዎች ለየብቻ ሲፈተኑ፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት የትምህርት መሣሪያ መስጠት ብቻውን ጋብቻን በ94 በመቶ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ላሉት ደግሞ ሳያገቡ ትምህርታቸውን ለቀጠሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት በግማሽ ቀነሰው። እስቲ አስቡት! ለትንሿ ልጅ ያስፈለጋት ደብተር ነበር።

ያገቡትንስ ምን እናድርጋቸው? ከተዳሩ በኋላ አለቀላቸው ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 «ተስፋ» በተባለ ሥራ 5,000 ያህል በልጅነታቸው ያገቡ ሴቶችን በቡድን አደራጅቶ ነበር። ስለ ጤናቸው ይማማራሉ፤ ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ይበዳደራሉ። የቀዬው ታላላቅ ሰዎችም በራሳቸው ሸንጎ ያግዟቸዋል። ሥራው ካለቀ ከዓመታት በኋላ ሲጎበኙ አብዛኞቹ ቡድኖች አልፈረሱም። ያልታቀፉ ሴቶችም እነርሱን አይተው የራሳቸውን ቡድን መሥርተዋል።

እዚህ ላይ ሙስሊም ቤተሰብ የሚያነሣው ትክክለኛ ጥያቄ አለ። በእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ብድሩ ብዙውን ጊዜ ወለድ አለበት። ታዲያ ሴት ልጃችን ከወለድ ለመሸሽ ስትል ከቡድኑ ሁሉ ትራቅ? መንገዱ አልጠበበም። ያለ ጭማሪ የሚበዳደር ቡድን ማቋቋም ይቻላል፤ ለመዝገብና ለሣጥን የሚያስፈልገው ወጪ በእኩል መዋጮ ይሸፈናል። ወይም ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው ሽንኩርትና ዘይት ነግደው፣ በግም አድልበው ትርፍና ኪሳራውን ይካፈሉ። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዑለሞች ጠይቁ። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት በአገራችን በመመሪያ የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

መህርንም እግረ መንገዴን ላንሣ። መህር የሙሽራይቱ ሀብት ነው፤ የአባት አይደለም፣ የወንድምም አይደለም። ስንቶቻችን ቤት ነው በእጇ የሚገባው? ፈቃዷንም በተመለከተ አባቷ ሳትፈልግ የዳራት ወጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ብላ ምርጫው ለእርሷ እንደተተወላት ዑለሞቻችን ያስተምሩናል።

የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ሰው ያለፈባቸው ዓመታት ከባድ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሽማግሌ የመላኪያው ጊዜ ያጥራል፤ አባትም «ቤት ከምትቀመጥ» ይላል። ድርጅት መጥቶ በግ እስኪያድል መጠበቅ በዚህ ጊዜ አያዋጣም።

ጀመዓው ግን የራሱ አቅም አለው። ከመስጊዱ አጠገብ አንድ ክፍል አይጠፋም። ቂርኣት ከምታስቀራው ኡስታዛ ጋር አሥረኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት እህት ተቀምጣ በሳምንት ሁለት ቀን ልጃገረዶቹን ሒሳብና ንባብ ብታስጠና ምን ይከብዳል? አባቶችም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጥቂት ቆይተው ዘንድሮ ማን ማን ሽማግሌ እንደተላከበት ቢነጋገሩና ለሁሉም አንድ መልስ ቢቆርጡ፣ ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አባቷ ሲጠየቅ ብቻውን አይሆንም። የደብተሩን ወጪ ደግሞ ከዕድሩ ገንዘብ ጠይቁ።