ከዋጋው በፊት ክፍያው፦ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ማን ማንን ያምናል?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዡን ትተን ስለ ክፍያ እናውራ። ብዙዎቻችን "ስንት ገባ?" ብለን እንጠይቃለን፤ "እንዴት ነው የሚከፈለው?" የሚለው ግን ትዝ የሚለን ውል ከፈረምን በኋላ ነው።

ነገሩን ከቀላሉ እንጀምር። ያገለገለ ሞንታርቦ ወይም አምፕሊፋየር ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዢው ጎንደር ነው እንበል። ገዢው "ሳልሰማው አልከፍልም" ይላል። እውነቱን ነው፤ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ስፒከር ውስጡ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ደግሞ "ብሩ ሳይገባ አልጭንም" ይላል። እሱም እውነቱን ነው፤ ዕቃው ከተጫነ በኋላ የገዢው ስልክ ቢዘጋስ? ሁለቱም ሐቀኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን አደጋውን የሚሸከመው ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ወይ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው መሃል ይገባል፣ ወይ ቀብድ ይከፈላል፣ ወይ እዚያው ያለ ዘመድ ሄዶ፣ ሰክቶ፣ ሰምቶ ይከፍላል።

ኤክስፖርትም ከዚህ አይለይም። ሞንታርቦው አንድ ኮንቴይነር ሰሊጥ ሆነ፣ አውቶብሱ መርከብ ሆነ፣ መሃል የሚገባው ሰው ባንክ ሆነ፣ ቀብዱ አድቫንስ ተባለ። ይኸው ነው።

🔹 አራቱ መንገዶች

1. አድቫንስ (ቲቲ)፦ ገንዘቡ ከጭነት በፊት ይገባል። አደጋው በሙሉ ገዢው ላይ ነው። ስለዚህ የማያውቃችሁ ገዢ ሙሉ አድቫንስ በቀላሉ አይሰጥም።

2. ኤልሲ፦ የገዢው ባንክ "የተባሉትን ሰነዶች በትክክል ካቀረብክ እከፍላለሁ" ብሎ ራሱ ቃል ይገባል። የሚመራውም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በሚባለው ደንብ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ባንኩ የሚያየው ሰነድ እንጂ ሰሊጥ አይደለም። ሰነዱን መርምሮ ለመወሰን ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። ኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር ካልተጣጣመ፣ ጭነቱ በ1 ቀን ከዘገየ ወይም አንድ ሰርተፊኬት ከጎደለ "ዲስክሬፓንሲ አለ" ይባላል። ያን ጊዜ የባንኩ ቃል ይወድቃል፤ ክፍያው በገዢው በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። በሌላ አባባል፣ የኤልሲ ወጪ ከፍላችሁ በሲኤዲ እንደሸጣችሁ ቁጠሩት።

3. ሲኤዲ፦ እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ነው። ሰነዱ በባንካችሁ በኩል ወደ ገዢው ባንክ ይሄዳል፤ ገዢው ሲከፍል ሰነዱን ይወስዳል። ባንኩ ግን እዚህ መልእክተኛ ብቻ ነው፤ "ገዢው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ" አላለም። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ እስካልተለቀቀ ድረስ ዕቃው የእናንተ ነው፤ ግን ሰው አገር ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ የሚቆጥር ዕቃ ነው።

4. ኮንሳይመንት፦ ዕቃው ሄዶ ሲሸጥ ይከፈላል። አደጋው በሙሉ ሻጩ ላይ ነው። ለዓመታት ካልተዋወቃችሁ ባትሞክሩት ይሻላል።

🔹 ዋጋ ሲወርድ ገዢው ለምን ይጠፋል?

በቁጥር እንየው (ለምሳሌ ያህል እንጂ የዛሬ ገበያ አይደለም)። 19 ቶን ሰሊጥ በቶን 1,500 ዶላር በሲኤዲ ሸጣችሁ፤ ጠቅላላው 28,500 ዶላር ነው። መርከቡ መንገድ ላይ እያለ ገበያው ወደ 1,350 ወረደ። ገዢው ያንኑ ዕቃ ከሌላ ሰው በ25,650 ያገኘዋል። የእናንተን ትቶ ቢሄድ 2,850 ዶላር ያተርፋል ማለት ነው። ጨዋ ከሆነ ዝም ብሎ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ግን አይጠፋም፤ "ጥራቱ ትንሽ ወረደብኝ፣ ዋጋ ቀንስልኝ" ይላል። ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ስለሆነ እናንተም ትቀንሳላችሁ።

አሁን 10 በመቶ አድቫንስ ተቀብላችሁ ቢሆንስ? 2,850 ዶላር እጃችሁ ላይ አለ። ገዢው ቢሄድ የሚያተርፈው ዜሮ ነው። 20 በመቶ (5,700) ቢሆን ደግሞ በመሄዱ 2,850 ይከስራል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ አድቫንሱ፣ ዋጋው በጉዞው ጊዜ ሊወርድ ከሚችለው ይብለጥ። ገበያው ሲረጋጋ 10 በመቶ ሊበቃ ይችላል፤ እንደ እብድ በሚዋዥቅበት ሰሞን አይበቃም።

ሌላ ስሌት። የማታውቁት ገዢ 1,500 በሲኤዲ፣ ሌላው 1,470 በተረጋገጠ (ኮንፈርም በተደረገ) ኤልሲ አቀረቡላችሁ። ልዩነቱ በቶን 30፣ በኮንቴይነር 570 ዶላር ነው። ከ5 ኮንቴይነር አንዱ ላይ 2,850 ዶላር ከተቀነሰባችሁ ያ ትርፍ ተበልቶ አለቀ። የኤልሲውን የባንክ ወጪ አስቡት እንጂ፣ ከፍ ያለው ዋጋ ሁሌ የተሻለው ዋጋ አይደለም።

🔹 ዋጋ ሲወጣስ?

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንይ። ዋጋ ሲወጣ የሚጠፋው ሻጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቡና ሲወደድ ኮሎምቢያ ውስጥ ቀድመው በዝቅተኛ ዋጋ የተዋዋሉ ብዙ አርሶ አደሮች ሳያስረክቡ ቀርተዋል። እኛም አገር አቅራቢ ቀብድ ተቀብሎ ለሌላ ሲሸጥ፣ ላኪ ደግሞ ቡናውን በዱቤ ወስዶ "ዶላሩ ሲገባ" እያለ ወራት ሲያስቆጥር የማያውቅ የለም። ገዢዎች "የኢትዮጵያ ሻጭ ውል አያከብርም" ማለት ከጀመሩ፣ ያቺ ወሬ በቀጣዩ ውል ላይ ቅናሽ ሆና ትመጣለች። የሚከፍላትም ውል ያላፈረሰው ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር የፈታው ይህንኑ ነው። ሻጩ ምርቱን መጋዘን አስገብቶ፣ አስመዝኖ፣ ደረጃ አስወጥቶ ደረሰኝ ይይዛል፤ ገዢውም ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ያስገባል። ስለዚህ ማንም ማንንም ማመን አያስፈልገውም። ቡና ላይ ቀጥታ ትስስር ከተፈቀደ ወዲህ ግን የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል አብሮት የድሮውን ጥያቄ ይዞ መጥቷል፦ ማን ይቅደም?

ለዩኒየኖች፦ አባሉ ምርቱን በጎን ለነጋዴ የሚሸጠው ሁሌ ከስስት አይደለም። ነጋዴው ዛሬ ብር ስለሚሰጠው ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ በርክክቡ ዕለት፣ ቀሪውን በተጻፈ ቀን መክፈል ከማንኛውም ስብሰባ በላይ አባሉን ያስራል።

🔹 የሐሰት ማረጋገጫ

ሞንታርቦ ሻጩን ያከሰረው ስክሪንሾት እዚህም አለ። "ገንዘቡ ተልኳል" የሚል ኤስኤምኤስ ወይም የስዊፍት ኮፒ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚባለው ባንካችሁ "ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቷል" ሲል ነው። እንዲሁም ከነባር ደንበኛ "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ሲመጣ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በድሮው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ደንበኞቻችሁም በእናንተ ስም የመጣ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳቸው እንዲደውሉላችሁ ከወዲሁ ንገሯቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

🔹 ከመፈረማችሁ በፊት

✅ የክፍያውን ዓይነት ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተደራደሩ፤ ለብቻው ለኋላ አይተው።
✅ ኤልሲው እንደደረሰ፣ ሳትጭኑ፣ ከባንካችሁ ጋር ቃል በቃል አንብቡት፤ የማትችሉት ነገር ካለ ያኔውኑ ይሻሻል።
✅ በሲኤዲ ስትልኩ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ "ቱ ኦርደር" ይሁን። በቀጥታ በገዢው ስም የወጣ በአንዳንድ አገር ያለ ኦርጅናሉ ዕቃ ሊያስለቅቅ ይችላል።
✅ ኦርጅናል ሰነድ በቀጥታ ለገዢው በፍጹም አትላኩ።
✅ ለአዲስ ገዢ በ1 ኮንቴይነር ጀምሩ። አምስቱን ባንዴ የሚለምን አዲስ ወዳጅ ቢያስጠረጥር አይገርምም።
✅ በጥራት ክርክር እንዳይነሳ ናሙናውን አሽጋችሁ አስቀምጡ፤ ከተቻለ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት መርማሪ ድርጅት ሲጫን ይይ። ይሄ ማለት ስፒከሩን ሰክቶ መስማት ነው።

እምነት ጥሩ ነገር ነው፤ ንግድም ያለ እሱ አይቆምም። ግን እምነት የሚያድገው ሁለቱም ወገን ቃሉን ማፍረስ የማያዋጣው ሆኖ ሲገኝ ነው። ውላችሁን እንደዚያ አድርጋችሁ ጻፉት።

ለምታውቁት አቅራቢና ላኪ አጋሩት። ነገ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ከዋጋ መረጃ ጋር እንገናኛለን። መልካም ግብይት!